ከቅጥሩ ወዲህ የቀረው ጥቁር ዘለላ

ይድረስ ለእኅቴ ለሸዋረጋ፣ ቤይሩት።

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስወጣ ይጠዘጥዘኛል ያልሽኝ ቀኙ ነበር ወይስ ግራው? ጾሙ ጨጓራሽን አላስነሣብሽም? ማዳምሽ የጾም ምግብሽን ለብቻሽ እንድትሠሪ አሁንም ትፈቅድልሻለች? ሰማዩስ ጸጥ ብሏል ወይ? ሬዲዮ ስለዚያ አገር ባወራ ቁጥር ባለቤቴ ዓይናዲስ ተነሥታ ድምፁን ከፍ ታደርገዋለች። በእኛ በኩል ተመስገን ነው። የእኔ ደም ግፊት በኪኒኑ ተይዞ አለ። የዓይናዲስም ዓይን ሞራው ከተነሣላት ወዲህ መርፌ ውስጥ ክር የምታስገባው ራሷ ናት፤ እኔን ማስቸገሯ ቀርቷል።

ልጅሽ ማስተዋል ደህና ናት። ይህን ከሁሉ ያስቀደምሁት ዓይንሽ ሌላ መስመር ላይ ሳያርፍ እንድታነቢው ነው። በላች፣ ጠጣች፣ ትናንት ስትስቅ ሰምቻታለሁ።

የወንድማችን የየሻው ሚስት አበቡ እያለቀሰች በስልክ የላከችልሽን ድምፅ ራሷ አስደምጣኛለች። ሠርጉ ቀረ፣ ወይኑ ነጣ፣ ልጅቱን ስም ሰጧት ብላ ሳትጨርስ ኔትወርኩ ጠፍቷል። አንቺም መልሰሽ፣ ወይኑ ነጣ ማለት ምን ማለት ነው፣ ልጄንስ ምን አሏት ብለሽ የላክሽው ከብዙ ቀን በኋላ ደረሰኝ። የጠዳዋ ሰብለ ወንጌል ለዕረፍት መጥታ ሰኞ ወደዚያ ስለምትመለስ ይህን በእጇ እልክልሻለሁ። የደነገጥሁባቸው ነገሮች ከአንድ በላይ ናቸው፤ እስካሁንም አልወጣልኝም። ቢሆንም እያንዳንዱን በመጣበት ተራ እጽፈዋለሁ። ተራው ከተፋለሰ ነገሩ ተረት ይመስላል።

የደብራችንን ወይን ታስታውሻለሽ። ከቤተ ልሔሙ ጀርባ የቤተ ክርስቲያኑን ካብ ተደግፎ የቆመው፣ ግንዱ የሰው ጭን የሚያክለው ነው። ሥሩ በቅጥሩ ውስጥ ይሁን እንጂ በበጋ የሚጠጣው ከየሻው ጉድጓድ ነው፤ አባታችን ከተሳለ ጀምሮ ማጠጣቱ የቤታችን ሥራ ሆኖ ቀርቷል። አንቺ በእንስራ ታመላልሺው የነበረውን ውኃ ልጅሽ ዛሬ ከየሻው ቤት በቢጫ ጀሪካን ታመላልሳለች። ቅጥር ውስጥ አትገባም። በካቡ ቀዳዳ ታፈስሰዋለች፣ ውኃው በቦዩ አድርጎ ወደ ሥሩ ይወርዳል።

ፍሬው የሚደርሰው በየካቲት ኪዳነ ምሕረት ሰሞን ነው። የሚቆርጡትም ቄሰ ገበዙ ቄስ ወልደኢየሱስ ብቻ ናቸው። ዘለላውን ከነሐረጉ ቆርጠው ቤተ ልሔም ውስጥ ያንጠለጥሉታል፤ ደርቆ ዘቢብ ሲሆን የትንሣኤ ቅዳሴ ወይን ከእርሱ ይጨመቃል። በጥቅምት ደግሞ ዛፉን ይከረክማሉ። የተከረከመው ሐረግ አይጣልም፣ አይነድም፤ ለበረከት ተብሎ ለምእመናን ይታደላል፣ ሰውም ወስዶ በየጓሮው ይተክለዋል። የምታውቂውን የምደግምልሽ በኋላ ስለምንፈልገው ነው።

ማስተዋልን ለልጃቸው ለዲያቆን አስናቀው ያጩትም እኒሁ ቄስ ወልደኢየሱስ ናቸው። ሠርጉ ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ሊሆን ተቆርጦ ነበር። ዲያቆን ቅስና የሚቀበለው ድንግል በተክሊል አግብቶ ስለሆነ፣ የእጮኛይቱ ስም ላይ ጠብታ ጥርጣሬ ካረፈ ነገሩ ሁሉ እንደሚያበቃ ታውቂያለሽ።

የኪዳነ ምሕረት ማግስት ቄስ ወልደኢየሱስ መቁረጫቸውን ይዘው ከቤተ ልሔሙ ጀርባ ዞሩ። ቆዩ። ዲያቆናቱ ምን ነካቸው ብለው ሲሄዱ እንደ ቆሙ አገኟቸው። ዛፉ ሙሉ ዘለላ ነው፤ አንድም ጥቁር የለበትም። ሁሉም ሰም የመሰለ፣ ወደ ቢጫ የሚወስደው ነጭ ነው። አልበሰለም ይሆናል ተብሎ ሳምንት ተጠበቀ። በሳምንቱ ፍሬው ለሰለሰ፣ ወፍ ወረረው፣ ቀለሙ ግን ያው ሆነ።

ወሬው ወፍጮ ቤት ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። አበቡ እህል ልታስፈጭ ተሰልፋ በጆሮዋ ሰምታለች። አንዷ፣ ለመሆኑ የሚያጠጣው ማን ነው? አለች። ሌላዋ፣ ሴት ልጅ ወሩን ሙሉ እኩል ናት ወይ? ብላ ነገሩን ጀመረችው። ሦስተኛዋ ደግሞ፣ የምን ወር ታወሪያለሽ፣ ልጅቱ እንደ ተባለችው ብትሆን ኖሮ ወይኑ ምን አስደነገጠው? ብላ ደመደመች። አበቡ እህሏን ሳታስፈጭ ተሸክማ ተመለሰች።

ከዚያ ሽማግሌ መጣ። ማስተዋልን ሊለምኑ የመጡት እነዚያው ሁለት ሰዎች፣ በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ነገሩ እስኪጣራ ጋብቻው ይቆይ ተብላችኋል አሉ። የሻው፣ ምነው፣ ምኗ ነው የሚጣራው? ቢላቸው አንደኛው መሬት መሬት እያየ፣ አያ የሻው፣ እኛ የተላክነውን ነው ያመጣን አለ። አበቡ ከጓዳ ሆና፣ ሌላ ጊዜ የሰው ልጅ ስትለምኑ መጀመሪያ ወይኑን አማክሩት አለቻቸው። በማግስቱ ውኃውን ሌላ ሰው ያጠጣዋል የሚል መልእክት ደረሰ። ማስተዋል ያን ዕለት ባዶ ጀሪካኗን ደጃፍ ላይ ደፍታ ቤት ገባች፤ ከዚያ ወዲያ ገበያም፣ ቤተ ክርስቲያንም አልወጣችም።

የሻው እንደ ደወለልኝ መንገዱ ክፍት መሆኑን አጠያይቄ በሚኒባስ ወደ እንፍራንዝ ወረድሁ፤ ከዚያ በእግሬ ወደ ቀያችን ወጣሁ። ቄስ ወልደኢየሱስ ራሳቸው ወስደው አሳዩኝ። እታለም፣ ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርሁ ሰው እንደ ተመታ ቆምሁ። የማውቀውን የአባቴን ካባ የማላውቀው ሰው ለብሶት የመጣ መሰለኝ። ቅርፊቱን መረመርሁ፤ የተዳቀለበት ጠባሳ የለም። ቅጠሉን ገልብጬ አየሁ፤ ሻጋታም ተባይም የለበትም። ቄሱ አንድ ፍሬ ቆርጠው ሰጡኝ። ጣፋጭ ነው። መምህር፣ ምን ይላሉ? ሲሉኝ አላውቅም አልኋቸው። ከእኔ አፍ እንዲህ ያለ መልስ ጠብቀው አልነበረም፤ እኔም አልጠበቅሁም።

የሻው ቤት ስደርስ ማስተዋል ምስር ትለቅም ነበር። ጉልበቴን ስማ ተመልሳ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ፣ አያ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት፣ አይቆጡኝም? አለችኝ። ከጉድጓዱ ጀርባ፣ ካቡ ሥር ይዛኝ ሄደች። ውኃ በምታፈስስበት ቀዳዳ በኩል ጣት የምታክል የወይን ሐረግ ወደኛ ግቢ ወጥታ ግራዋው ላይ ተጠምጥማለች። በአሮጌ ነጠላ ተሸፍናለች። ነጠላውን ገለጠችው። ሁለት ዘለላ ነው፤ ጥቁር፣ ድሮ እንደምናውቀው ጥቁር፣ ላዩ ላይ ያን አመድ የመሰለ ዱቄቱን የለበሰ።

ድንጋዩ ላይ ተቀመጥሁ። እጄን በቀዳዳው አስገብቼ ሐረጊቱን እየዳሰስሁ ተከተልኋት፤ ከዚያው ከግንዱ የወጣች ናት። አንድ ዛፍ ነው። ካህናት ብቻ በሚደርሱበት በኩል ነጭ፣ ልጅቱ በየቀኑ በምትነካው በኩል ጥቁር። ምነው አልተናገርሽም? አልኋት። ቅጥሩን ተሻግሮ የመጣም የቤተ ክርስቲያን ነው፣ ብናገር ደብቃ ልትበላው ነበር ይሉኛል፣ ወፍ እንዳይጨርሰው ሸፈንሁት እንጂ አንዷንም አልቀመስሁም አለችኝ። ቀጥላም፣ ለአንድ ሰው ግን አሳይቼዋለሁ አለች። ማን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ሐሳቤ ሁሉ ወይኑ ላይ ነበር።

ያኔውኑ ወደ ቄሱ ልሮጥ ብድግ ብዬ ነበር። ግን ምን ልላቸው ነው? አንድ ዛፍ ሁለት ቀለም የሚያፈራው ለምን እንደሆነ እኔው አላውቅም። ሳላውቅ ብናገር ለአንዱ ተአምር፣ ለሌላው መተት ይሆናል፤ የልጅቱ ስም ከሁለቱ መካከል ሲጎተት ይኖራል። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን ቅጠልና ፍሬ ለየብቻ አሰርሁ። የተረፈውን ነጭ ዘለላ ቄሱ፣ ለቤተ ልሔም አይሆንም፣ ለምርመራዎ ይውሰዱት ብለው ሰጡኝና ይዤ ጎንደር ተመለስሁ።

ሄለንን አታውቂያትም። ተማሪዬ ነበረች፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። ጥናቷ የፍራፍሬ ቀለም ነው። ወይን ለምን ይጠቁራል፣ ፕሪም ለምን ይቀላል፣ የአንዱ ኮክ ሥጋ ነጭ ሆኖ የሌላው እንደ ደም የሚቀላው ከምን የተነሣ ነው እያለች ዘረመላቸውን ትመረምራለች። ሁለቱን ዘለላ ጎን ለጎን ሳስቀምጥላት መነጽሯን አወለቀች። መምህር፣ ይህን ከየት አመጡት? ሰው ይህን አንድ ዛፍ ላይ ለማየት ባሕር ይሻገራል እኮ አለች። እኔ የመጣሁት ከልጅ ስም ጋር ነው አልኋትና ታሪኩን ነገርኋት። ፈገግታዋ ጠፋ። ሌላ ሥራዋን ገትራ ያዘችልኝ። መብራት እየሄደ እየመጣ ከሁለት ሳምንት በላይ ፈጀ፤ የተገኘውን የሰማሁት በገብር ኄር ሰሞን ነው።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሽ ማታ ማታ በማስረዳሽ ዓይነት ልንገርሽ። ወይን የሚጠቁረው ተክሉ ልጣጩ ውስጥ ቀለም ስለሚሠራ ነው። ቀለም ሥራ ብሎ የሚያዝዘው ዘረመል ግድግዳ ላይ እንዳለው የመብራት ማብሪያ ነው በዪው። እያንዳንዱ ወይን ሁለት ማብሪያ አለው፣ አንዱ ከእናቱ አንዱ ከአባቱ። ከሁለቱ አንዱ ቢሠራ ፍሬው ይጠቁራል። የደብራችን ወይን ሲተከልም አንደኛው ማብሪያው የማይሠራ ነበር። ከጥንት፣ ሰው ቆጥሮ በማይደርስበት ዘመን፣ ከቦታ ቦታ የሚዘል አንድ የዘረመል ቁራጭ ሄዶ ማብሪያው ፊት ተገተረ፤ ቁም ሣጥን ማብሪያው ላይ ገፍተሽ ብታስጠጊበት እጅሽ እንደማይደርሰው ማለት ነው። በዓለም ያለ ነጭ ወይን አብዛኛው ይህንኑ ይዞ የሚኖር ነው ትላለች ሄለን። የእኛው ግን በቀረችው አንዲት ማብሪያ ዘመኑን ሁሉ ሲጠቁር ኖረ። ከዓመታት በፊት፣ በአንዲት እንቡጥ ውስጥ ያቺም ጠፋች። ማንም አልነካትም። ተክል ሲያድግ ዘረመሉን እየደጋገመ ይገለብጣል፤ ሲገለብጥ አልፎ አልፎ የሚያመልጠው ነገር አለ። ከዚያች እንቡጥ የወጣው ሐረግ ነጭ አፈራ፤ ሌላው ጥቁር እንደሆነ ቀጠለ። የነጩ ሐረግ ቅጠል ላይ የምትሠራው ማብሪያ የለችም፣ የማስተዋል ሐረግ ላይ አለች። የሚያጠጣው ሰው ማንነት፣ ያጠጣበትም ቀን እዚህ ውስጥ ቦታ የለውም።

ዕድሜዬን ሙሉ ስለ አተር አበባና ስለ ወላጅና ልጅ ቀለም ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሳስተምር፣ አንድ ዛፍ በአንድ አካሉ ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ይህ ብቻ በበቃኝ። ሄለን ግን ጥያቄ ነበራት። አንዲት እንቡጥ አንድ ሐረግ ታነጣለች እንጂ ዛፉን ሁሉ አታነጣም አለች። ቀጥላ፣ መምህር፣ የሚከረክመው ማን ነው? የትኛውን ሐረግ ነው የሚቆርጠው? አለችኝ። ቄስ ወልደኢየሱስ በጥቅምት ለበረከት የሚቆርጡትን፣ በየካቲት ከነሐረጉ የሚያንጠለጥሉትን አሰብሁ።

ያን ቀን ቤት ስገባ ዓይናዲስ ሳህን ይዛ ጠበቀችኝ። አንተ ሰውዬ፣ ዘቢብ ገዝተህ ቆርቆሮ ላይ ታሰጣለህ እንዴ? አለችኝ። ዘቢብ አልገዛሁም አልኋት። እንግዲያ ወፍ ገዝቶ አመጣልሃ ብላ ሳህኑን አስጨበጠችኝ። ከምርመራ የተረፈውን ነጭ ዘለላ፣ የቤተ ክርስቲያን ፍሬ አይጣልም ብዬ ጣሪያ ላይ አስጥቼ ረስቼው ኖሯል። ፀሐዩ አድርቆ አጠየመው፤ ቀለሙ ከገበያው ዘቢብ አይለይም። ወዲያው ለሄለን ደወልሁ። ሳቀች፤ መምህር፣ ገበያ ላይ የምናየው ዘቢብ አብዛኛው እኮ ከነጭ ወይን ነው፣ የሚያጠይመው መድረቁ ነው አለችኝ። ቄስ ወልደኢየሱስ ወይኑ ተበላሸ ብለው ለትንሣኤ ዘቢብ ከገበያ እንዳስገዙ አውቅ ነበር።

በኒቆዲሞስ እሑድ ቀያችን ተገኘሁ። ከቅዳሴ በኋላ ቄሱን፣ ሁለቱን ሽማግሌዎችና የሻውን ቤተ ልሔሙ ጥላ ሥር እንዲቀመጡልኝ ለመንሁ። በጉባኤ ፊት ልናገረው አልፈለግሁም። የእኔን ዘቢብ በአንድ ሳህን፣ ያስገዙትን በሌላ ሳህን አድርጌ አቀረብሁ። ቄስ ወልደኢየሱስ ከሁለቱም ቆንጥረው አዩና፣ ሁለቱም የገበያ ነው አሉ። አንደኛው የደብሩ ነው፣ ከነጩ የደረቀ አልኋቸው። የገበያውም ከምን ዓይነት ወይን እንደሆነ ነገርኋቸው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ማማተብ ጀመረ።

ከዚያ፣ አባ፣ በጥቅምት የትኛውን ሐረግ ነው የሚቆርጡት? ብዬ ጠየቅኋቸው። ያፈራውን ነዋ፣ በረከት ከማያፈራ እንጨት ይሰጣል እንዴ? አሉ። ነጭ ሆኖ የሚቀረውንስ አልኋቸው። ገና ነው፣ ከርሞ ይብሰል ብዬ እተወዋለሁ አሉ። አምናም፣ ካቻምናም? አልኋቸው። ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው መዳፋቸውን ማየት ጀመሩ። ጥቁሩን በየዓመቱ ቆርጠው ለሰው ሰጥተው፣ ነጩን እያዘኑለት ትተው፣ ዛፉን ያነጡት እጆች ናቸው። እኔ ነኝ እንዴ? አሉ፣ በጣም ቀስ ብለው። የሄለንን ነገር በተቻለኝ ቀለል አድርጌ ነገርኋቸው። የሻው ወደ ካቡ ወስዶ ከቀዳዳው ማዶ ያለውን ጥቁር ዘለላ አሳያቸው። አንደኛው ሽማግሌ፣ እውነት ነው፣ እኔ ጓሮ ያለው ጥቁር ነው፣ የጎረቤቴም ጥቁር ነው፣ ሁሉንም አባ ናቸው የሰጡን አለ። ቄሱ ተመልሰው መጡና የሁለቱን ሳህን ዘቢብ በአንድ ዕቃ ገልብጠው ቀላቅለው ወደ ቤተ ልሔም አስገቡት።

ከሰዓት በኋላ የየሻው ቤት በር ተንኳኳ። ቄስ ወልደኢየሱስ ናቸው፣ ከኋላቸው አስናቀው አለ። ማስተዋል መስቀል ልትሳለም ስትነሣ ቄሱ ቀድመዋት እግሯ ሥር ወደቁ። ልጄ ይቅር በይኝ አሉ። እታለም፣ ካህን እግሯ ሥር! አበቡ የያዘችውን ማንቆርቆሪያ ለቀቀችው። ማስተዋል በሁለት እጇ ደግፋ አነሣቻቸውና፣ ይቅር ለእግዚአብሔር አባ አለች። አለቀሱ፣ የሻውም አለቀሰ። በመጪው ክረምት ከየጓሮው ጥቁሩ ሐረግ ወደ ደብሩ ተመልሶ ሊተከል፣ የመጀመሪያውም ከእርሷ ሐረግ ሊሆን ተነጋገርን። ቄሱም፣ እንግዲህ ሠርጉ በቀኑ ይሆናል፣ እንዲያውም እኔ ነኝ ድግሱን የማበዛው አሉ። ሁላችንም እፎይ አልን።

ማስተዋል፣ አባ፣ ይቅርታዬ ከልቤ ነው፣ ሠርጉ ግን ይቅርብኝ አለች።

ከዚህ በፊት ደነገጥሁ ያልሁሽን ሁሉ እርሺው። ምን አልሽ? አልኋት። ጥቁሩን ዘለላ በመጀመሪያው ሳምንት ያየ ሰው አለ አለች። ውኃ የማፈስስበት ቀዳዳ ላይ ጠርቼ ያሳየሁት ለአስናቀው ነው፣ አይቶ ዝም በይ አለኝ፣ እኔ ዝም ያልሁት ፈርቼ ነው፣ እሱ ምነው ዝም አለ? አለች። ሁላችንም ወደ አስናቀው ዞርን። በሩ አጠገብ ቆሞ ነጠላውን ያጣጥፋል፣ ይዘረጋል። አባቴን እንዴት ብዬ ልጋፋ አለ። ማስተዋልም፣ በየጧቱ ለኪዳን ስትሄድ በደጃችን ታልፍ ነበር፣ እህል ውኃ ሳልቀምስ በዋልሁበት ቀን ኮቴህን ሰምቼ አውቃለሁ አለችው። የሻው ነገሩን ሊያለዝብ፣ አባቱን አክብሮ ነው እንጂ ልጁ ክፉ አይደለም ቢል አበቡ ከጓዳ፣ እንግዲያ ከአባቱ ጋር ይኑራ አለች። ቄስ ወልደኢየሱስ ማስተዋልን መስቀላቸውን አሳልመዋት፣ ልጃቸውን አስቀድመው ወጡ።

እኔ ነገር አጣሪ ነኝና ለብቻዋ ወስጄ አስረዳኋት። ልጁ የተማረ ነው፣ ጠባዩ የታወቀ ነው፣ ስምሽም ጠርቷል፣ እንግዲህ ምን ቀረ? አልኋት። ማስተዋል ጭቃ የያዘውን ጀሪካን እያጠበች ነበር፤ ማጠጣቱን መልሰውላታል። ቀና ብላ አየችኝ። አያ፣ እርስዎም እኮ ያመኑኝ ወይኑን አስመርምረው ነው፣ እኔን እውነት ነው ወይ ብሎ የጠየቀኝ ከእርስዎ ጀምሮ ማንም የለም አለችኝ። አልተቆጣችም። ጀሪካኗን ሞልታ ወደ ካቡ ሄደች፤ ውኃው በቀዳዳው ሲወርድ እሰማ ነበር።

ሸዋረጋ፣ ወደ ጎንደር ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ጎኔ የተቀመጠው ሰው ምን ሆነዋል አባባ ብሎኛል። ልጅቱ በየቀኑ እዚያው ነበረች። ቅጠል ቆረጥሁ፣ ግንድ ዳሰስሁ፣ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ተመላለስሁ። ልጄ፣ ምን ሆንሽ? ለማለት ግን ምንም መሣሪያ አያስፈልገኝም ነበር። ስለ ሠርጉ ምክሬን አልጨምርልሽም። እርሷም፣ እናቴ ትወስን አላለችኝም፣ እናቴ ትወቀው ነው ያለችኝ።

ከሰብለ ወንጌል ጋር በትንሽ ከረጢት ዘቢብ ልኬልሻለሁ። ቄስ ወልደኢየሱስ፣ ለእናቷ ይሁን ብለው ከተቀላቀለው ላይ አስቀርተው የሰጡኝ ነው። ከገበያ የተገዛ እንዳይመስልሽ፤ ግማሹ የደብራችን ነው፣ የትኛው እንደሆነ ግን እኔም ልለየው አልችልም።

የሻው ሰላም ብሎሻል፤ ጉድጓዱ ዘንድሮ አልጎደለም በልልኝ ብሏል። አበቡ ሁለት ጊዜ ሳሚልኝ ብላለች፣ በዚያ ድምፅ ስላስደነገጠችሽ ይቅርታ ጠይቃለች። ዓይናዲስ የላክሽላትን መነጽር ማታ ማታ ታደርገዋለች፣ ቀን ቀን ትሳሳለታለች። በአንቺ በኩል አብረውሽ ክፍል ለተከራዩት እኅቶች ሁሉ፣ ባናውቃቸውም፣ እንደ ቤታችን ልጆች ሰላም በይልን።

ማስተዋልን ምን ልበልልሽ? ብላት ብዙ አሰበችና ይህን ብቻ ጻፍልኝ አለችኝ። ለሠርጌ ብላ ማዳሟን ያስፈቀደችውን ፈቃድ እንዳትመልሰው። ሠርግ የለም፣ ትምጣ።

ወንድምሽ ሀብተሥላሴ
ጎንደር፣ ቀሐ
መጋቢት 25 ቀን 2018 ዓ.ም.